ሃርት አታክ የያዘው ሰው ቤታ ብሎከርን ዕድሜ ልኩን ይዋጥ?

ጠያቂው፦ ከሦስት ዓመት በፊት ሃርት አታክ ይዞኝ ስቴንት (የተዘጋ የልብ ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገባልኝ። ልቤ ደም የሚረጭበት አቅም አሁን 58% ነው። በየጠዋቱ ሜቶፕሮሎል የሚባለውን ቤታ ብሎከር፣ ማለትም የልብ ምት የሚያረጋጋ ኪኒን፣ እውጣለሁ፣ ደረጃ ስወጣ ግን እግሬ ቄጠማ ይሆናል። ሰሞኑን ደግሞ “ይሄ መድኃኒት ጥቅም የለውም” ሲባል ሰማሁ። ላቁመው?

ፋርማሲስቱ፦ እኔ ብሆን አቆመው ነበር። መድኃኒቱን ያነገሡት ጥናቶች እኮ የ1980ዎቹ ናቸው (እ.አ.አ. ነው የማወራው)። ያኔ ስቴንት የለ፣ ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንሰው መድኃኒት) የለ፣ የልቡ ጡንቻ ተጎድቶ ይቀር ነበር። ዛሬ የተዘጋው ሥር በሰዓታት ውስጥ ይከፈታል። በ2024 የወጣው ሪዱስ-ኤኤምአይ የተባለ ጥናት ልባቸው 50%ና ከዚያ በላይ የሚረጭ 5,020 ሰዎችን አየ። ሞት ወይም ዳግመኛ ሃርት አታክ ከወሰዱት 7.9%፣ ካልወሰዱት 8.3%። ይሄ ልዩነት ይባላል?

ነርሷ፦ ቀስ በል እስቲ። እነዚያ ሰዎች መድኃኒቱን ይጀምሩ አይጀምሩ ተብሎ ዕጣ የወጣላቸው በሕመማቸው ሰሞን ነው። እሱ ሦስት ዓመት ሲውጥ የኖረ ሰው ነው። አለመጀመርና ማቆም አንድ አይደለም! ማቆምን የፈተነው አቢስ የተባለው የፈረንሳይ ጥናት ነው፣ 3,698 ሰው። ካቆሙት 23.8%፣ ከቀጠሉት 21.1% ችግር ገጠማቸው።

ፋርማሲስቱ፦ አብዛኛው ሆስፒታል መተኛት እንጂ ሞት አይደለም።

ነርሷ፦ መተኛት ቀላል ነው እንዴ? ኪኒኑን በገዛ እጁ አቁሞ የመጣ ሰው ተረኛ ሆኜ ተቀብያለሁ። የልብ ምቱ 130፣ ደረቱን በመዳፉ ጨብጦ “ትናንት ደህና ነበርኩ” ይለኛል። ልብ ለዓመታት ፍሬን ተይዞባት ኖራ ድንገት ሲለቀቅላት ትበረግጋለች።

ሐኪሙ፦ በ2025ም ነገሩ አልጠራም። የስፔንና የጣሊያኑ ሪቡት የተባለ ጥናት 8,505 ሰው አይቶ ጥቅም አላገኘም። በዚያው ወር የኖርዌይና የዴንማርኩ ጥናት ዳግመኛ ሃርት አታክ ከ6.7 ወደ 5.0% መውረዱን አሳየ፤ ሞት ላይ ግን ለውጥ የለም። ልቡ የመርጨት አቅሙ ከ40% በታች ለሆነማ ክርክርም የለ፣ ይውሰድ።

ፋርማሲስቱ፦ እሺ፣ ድንገት አይቁም፣ ተሳስቻለሁ። ግን ድካሙስ? ሰው እየተልፈሰፈሰ ይኑር?

ነርሷ፦ አቢስ ላይ እኮ ያቆሙት ሰዎች ኑሯችን ተሻሻለ አላሉም። እኔንም ገርሞኛል።

ጠያቂው፦ ታዲያ እግሬን ምን ላድርገው?

ሐኪሙ፦ ስታቲንም ትወስዳለህ አይደል? ጡንቻ የሚያደክመው እሱም ሊሆን ይችላል። ሜቶፕሮሎሉን ከመወርወርህ በፊት ሁለቱንም ይዘህ ሐኪምህ ጋ ሂድ።