«ለበጎ ነው» እና «ክፉ ቀን»፦ አጠቃቀማቸው እንዴት ነው?

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን እዚህ ደሴ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ልጇን የቀበረችን እናት አንዱ «ለበጎ ነው እህቴ» አላት። ሴቶቹ ገላመጡት። ባጃጅ ሲያመልጠን ሁላችንም የምንለው አይደል? ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

ሐይቅ ዳር፦ ነውሩ ማን ለማን ተናገረው ላይ ነው። «ለበጎ ነው» ባለጉዳዩ በራሱ ጊዜ ሲለው ያምርበታል። ሌላው ሲለው ግን «ሞቱ ይጠቅም ነበር» ብሎ መፍረድ ይሆናል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1710 ይህንኑ አባባል ፍልስፍና አደረገው። አምላክ ቸር ስለሆነ ሊፈጥር ከሚችላቸው ዓለማት ሁሉ የተሻለውን መርጧል፣ ክፋቱም የዚያው አካል ነው አለ። በ1755 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት፣ ሕዝቡ ለጸሎት በተሰበሰበበት ጠዋት፣ የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴርም «ለበጎ ነው» ባዮቹን መሳቂያ አደረጋቸው። ሴቶቻችን ቮልቴርን ሳያነቡ ደርሰውበታል!

ለዚህ ነው ለቅሶ ላይ «እግዜር ያጥናሽ»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» የምንለው። ሁለቱም ለምን ሞተ የሚለውን አይነኩም። ብርታት ብቻ ነው የሚለምኑት።

ቦርከና፦ እኔን የሚከነክነኝ «ክፉ ቀን» ነው። ከብቱ በበሽታ ያለቀበትን የ1880ዎቹን ረሃብ አባቶቻችን እንዲህ ብለው ጠሩት። ፈላስፎቹ ክፋትን ለሁለት ይከፍላሉ። ሰው የሚሠራው አለ፤ ድርቅና ወረርሽኝን የመሰለ ተፈጥሮ የሚያመጣውም አለ። «ሰው ነጻ ፈቃድ ስላለው ነው» የሚለው የእነ አውግስጢኖስ፣ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ መልስ ለመጀመሪያው ይሠራ ይሆናል። ለድርቅ ግን ምን ይረባል? እኛ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ «ክፉ» ጠቅልለናቸው አረፍን፦ ክፉ ሰው፣ ክፉ ቀን።

መጠቅለሉ ጣጣ አለው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ወሎው የ1965 እና የ66 ዓ.ም. ረሃብ የጻፈውን ያነበበ ያውቀዋል። ደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ገበሬው ግን አዝመራው ጠፍቶበት መግዣ አልነበረውም። ይባስ ብሎ ከወሎ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። ታዲያ ክፉው ቀኑ ነው ወይስ ሰው? ጥፋቱን ቀን ላይ ስንጥል ስንቱ ባለሥልጣን ነጻ ወጣ!

የጦሳ ልጅ፦ ሸጋ ብለሃል። ግን እንዳትፈርድባቸው። ሹምን በስሙ መውቀስ በማይቻልበት ጊዜ ቀንን መውቀስ ብልሃት ነው። ሰሚው ማን እንደተባለ ያውቃል።

ሐይቅ ዳር፦ ይሁን። ቢሆንም ሴን የመለሰልን የረሃቡን እንጂ የድርቁን አይደለም። ዝናቡን ማን ከለከለ የሚለው እንዳለ ነው። እዚያ ላይ ወሎዬው «ቀደር ነው»፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ ይላል፤ እሱ ደግሞ ከ«ዕድል» ጋር ይለያይ አይለያይ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ዐረብኛ የሚያውቅ ይክፈትልን።