ጥቆማ፦ በእርግጥ ላብ የሚያስወጣ የቪዲዮ ጌም የትኛው ነው?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ብርዱ ከገባ ወዲህ የ12 ዓመት ልጄ ከሶፋ መነሳት አቁሟል። ጌም መከልከሉ ጠብ ብቻ ስላተረፈልኝ፣ ቢያንስ ሰውነቱን እያንቀሳቀሰ የሚጫወተውን ልገዛለት አስቤአለሁ። ሪንግ ፊት አድቬንቸርን (ቀለበት ይዘው፣ ጭን ላይ ማሰሪያ አስረው የሚጫወቱትን)፣ ጀስት ዳንስን (ስክሪን ላይ ያለውን ጭፈራ እየተከተሉ የሚጨፍሩበትን) ወይም ቢት ሴበርን (የምናባዊ እውነታ መነጽር አድርገው በሙዚቃ ምት ብሎኮችን በሰይፍ የሚቆርጡበትን) የሞከራችሁ፣ ከስፖርት የሚቆጠረው የትኛው ነው?

የሁለት ልጆች አባት፦ እህቴ፣ ምን እንደሚገዙ ሳይሆን ከማን እንደሚገዙ አስቀድመው ያስቡ። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ አንድ ሱቅ ሪንግ ፊትን ስዊች ላይት ከሚባለው የኒንቴንዶ ትንሽ የእጅ ጌም መሣሪያ ጋር ስገዛ፣ ሻጩ «አብረው ይሠራሉ» ብሎኝ ነበር። የላይት መቆጣጠሪያዎች ግን ከመሣሪያው የማይነቀሉ ስለሆኑ፣ ቀለበቱ ላይም ሆነ ጭን ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ውስጥ የማስገባው ነገር አጣሁ፤ ከቴሌቪዥን ጋርም አይገናኝም። ልመልስ ብሄድ «የተከፈተ ዕቃ አንቀበልም» ተባልኩ።

ታማኝ ደንበኛ፦ ሁሉንም ሱቅ በአንድ ላይ አይውቀሱ፤ የእኔ ሱቅ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ከዚያ የገዛሁት አሮጌ ዊ (የኒንቴንዶ የቆየ ጌም መሣሪያ) እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ስለዚህ የእሱን የስፖርት ጌም፣ ዊ ስፖርትስን ይግዙ፣ ቦክሱ ይበቃል።

የሁለት ልጆች አባት፦ የሱቅዎ ባለቤት ዘመድዎ ካልሆነ፣ እኔንም ያስተዋውቁኝ።

ታዛቢ፦ ለእስክስታ ባትሪም ሆነ ደረሰኝ አያስፈልግም፤ አስመላሽም የለበትም።

የፊዚዮቴራፒ ተማሪ፦ ወደ ጥያቄው ልመለስ። የእንቅስቃሴ ክብደት የሚለካበት «ሜት» የሚባል መስፈርት አለ፤ አርፎ መቀመጥ 1 ሲሆን፣ ከ3 ጀምሮ መካከለኛ፣ ከ6 ጀምሮ ደግሞ ከባድ ይባላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአዋቂዎች የእንቅስቃሴ ዝርዝር ዊ ፊት ለሚባለው የዊ የአካል ብቃት ጌም ዮጋና ሚዛን መጠበቅ 2.3፣ ለኤሮቢክሱ 3.8፣ ምንጣፍ በእግር እየረገጡ ለሚጨፍሩበት ለዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን ግን በኃይል ሲጫወቱት 7.2 ሰጥቷል። ልዩነቱን የሚፈጥረው እግር ነው፤ ትልልቆቹ ጡንቻዎች እዚያ ስላሉ፣ እጅ ብቻ የሚወዛወዝበት ጌም ትከሻን ቢያደክምም ልብን ያን ያህል አያስሮጥም። (እስክስታም ቢሆን ከትከሻ አልፎ ወደ ዝላይ ካልተሻገረ ነገሩ ያው ነው።) በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓን ጥናት የዊ ስፖርትስን ጎልፍ 2.0፣ ቦክሱን 4.2 አግኝቶታል። ቴኒሱንማ ልጆች ሶፋ ላይ ተቀምጠው አንጓቸውን ብቻ እየነቀነቁ ያሸንፉበታል።

ታማኝ ደንበኛ፦ ልጄ ይህን ቁጥር አላነበበውም፤ ቦክሱን ሲጫወት ሸሚዙ በላብ ይርሳል።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ እግር የሚያሠራው ከሆነ የሚሻለው፣ ከታች የሚኖሩት አዛውንት ምን ይሉኛል? ባለፈው ወር ወንበር ብንጎትት እንኳ በራችንን አንኳኩተዋል።

የፊዚዮቴራፒ ተማሪ፦ ሪንግ ፊት ድምፅ የማያሰማ ምርጫ ስላለው፣ ሩጫውን ጉልበት በማጠፍ ይተካዋል፤ ለጭን ደግሞ እሱ ሳይከብድ አይቀርም። ጀስት ዳንስ እንደየዘፈኑ ይለያያል፤ ቢት ሴበርም ከፍ ባለው ደረጃ ካልተጫወቱት በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነው። ልጅዎ እየተጫወተ ማውራት ችሎ መዝፈን ካቃተው መካከለኛ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ ጥቂት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ከባዱ ውስጥ ገብቷል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የሂዩስተን ጥናት እንዳሳየው፣ ዊና የእንቅስቃሴ ጌሞች ተሰጥተዋቸው እንደፈለጉ እንዲጫወቱ የተተዉ ልጆች፣ ተቀምጠው የሚጫወቱት ጌም ከተሰጣቸው ልጆች የበለጠ አልተንቀሳቀሱም። ስለዚህ የትኛውንም ቢገዙ፣ ሰዓት ወስነው አብረውት ይጫወቱ።

ታዛቢ፦ እናትየው ሲዘሉ አዛውንቱ ፖሊስ እንዳይጠሩ ብቻ።

የሁለት ልጆች አባት፦ እህቴ፣ ምን ገዙ? ካልገዙ ደግሞ ከነካርቶኑ የተቀመጠ ስዊች ላይት አለኝ፤ ለብቻው ከሪንግ ፊት ጋር እንደማይሠራ ግን አስቀድሜ እነግርዎታለሁ።