ድመታችንን ቅማል ወረራት፤ ዛሬውኑ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ድመታችን ስትታከክ ሰንብታ ዛሬ ጀርባዋን ብገልጥ፣ ፀጉሯ ሥር ቢጫ ነገር ይርመሰመሳል። ቅጫምም አለባት። ልጄ አብሯት ነው የሚተኛው፣ እሱም ራሱን ያክ ጀምሯል። ጎረቤቴ ለበጎቹ የሚረጨውን ዲያዚኖን ሰጥቶኛል። በስንት ውኃ ልበጥብጠው?

የመንዝ ልጅ፦ ድመት አልጋ ላይ ምን ትሠራለች? ሥራዋ አይጥ መጠበቅ ነው። ጎተራው ሥር ትደር።

ባለጓሮዋ፦ ነጭ ጋዝ ቀቢያት፣ በአንዴ ይረግፋል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦ እህቴ፣ ዲያዚኖኑን ክደኚና ከልጁም አርቀሽ አስቀምጪው። ነጭ ጋዙም ይቅር። ድመት ገላዋን በምላሷ ስለምታጸዳ የቀባሻትን ሁሉ ትውጠዋለች። ዲያዚኖን ነርቭ ይመታል፤ ለሃጯን ያዝረከርከዋል፣ ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒትም ለድመት መርዝ ነው። ፊፕሮኒል ወይም ሴላሜክቲን ያለበት፣ ለድመት የተዘጋጀ ጠብታ ጠይቂ። አንገቷ ኋላ፣ ምላሷ የማይደርስበት ቦታ ላይ ፀጉሩን ከፍለሽ ቆዳዋ ላይ ጠብ ታደርጊዋለሽ። መጠኑን በክብደቷ ሐኪም ይንገርሽ። ቅጫሙ በኋላ ስለሚፈለፈል መድገም ሊያስፈልግ ይችላል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ቁንጫ እንዳይሆን! እኛ ቆላው ላይ የሚያስቸግረን እሱ ነው።

ጠያቂ፦ አይዘልም። ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ነጩ ደግሞ ፀጉሩ ላይ ሙጭጭ ብሏል፣ ስነካው አይረግፍም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦ እንግዲያው ቅማል ነው።

እናት ነኝ፦ አንድ ነገር ግን ላርምሽ። ልጅሽን የያዘው የድመቷ ቅማል አይደለም፣ እሱ ሰው ላይ አይኖርም። የሰው ቅማል ደም ይመጥጣል፤ የድመቷ የቆዳ ፍርፋሪ ነው የሚበላው። የልጁን ፀጉር ከጆሮው ኋላና ከማጅራቱ ፈትሺ። ካለበት ከጓደኞቹ ይዞት ይሆናል። ድመቷን አታባሪብን!

ባለጓሮዋ፦ እኔ ግን ነጭ ጋዝ አይቻለሁ፣ ይሠራል።

እናት ነኝ፦ ባክሽ ተይ፣ ቆዳዋን ያቃጥላታል።

ከአንኮበር፦ እስከ ነገ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ማበጠሪያ አበጥሪያት። በእያንዳንዱ ጊዜ ማበጠሪያውን ሳሙና ያለበት ሙቅ ውኃ ውስጥ ንከሪው። የምትተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውኃ ዘፍዝፊና ፀሐይ ላይ አስጪው። በዚህ ብርድ ግን ማታ እንዳታጥቢያት።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦ ዕድሜዋን አልነገርሽንም። ደህና የሆነች ድመት ራሷን እየላሰች ቅማሉን ታራግፋለች። እንዲህ የሚወርረው ብዙ ጊዜ ያረጀችውን፣ የከሳችውን ወይም የታመመችውን ነው። ትበላለች? አፏስ ደህና ነው?

ከሸዋ ሮቢት፦ እህታችን፣ ጠብታውን አገኘሽው? የት እንደሚሸጥ ጻፊልን፣ እኛም እንፈልጋለን።