«ሶላር መብራት ነው እንጂ ኃይል አይደለም» ስለተባለው ነገር

የገጠር መምህር፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ የቀረቡ አንድ ባለሙያ «ሶላር መብራት ነው እንጂ ኃይል አይደለም» አሉ። ደሜ ፈላ። የማስተምርበት ቀበሌ የኤሌክትሪክ መስመር አልገባም። ልጆቹ በኩራዝ ጭስ እየተጨናበሱ ነው ያደጉት። አሁን ጣሪያው ላይ አንዲት ፓኔል ያለችው ቤት የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ማታ ያጠናሉ። ስልክም ይሞላል። እኛ ዘንድ ይሄ ኃይል ነው።

መስመር ዘርጊ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሰውየው ልክ ናቸው። እስቲ እንጀራ ይጋግሩበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ያሏት ፓኔል 20 ዋት ብትሰጥ ነው። ደኑን የሚጎዳው ደግሞ ኩራዝ አይደለም፤ ማገዶ ነው። አብዛኛው ቤት ዛሬም በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው የሚያበስለው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እሱን ማዳረስ ነው የሚሻለው።

የገጠር መምህር፦ ለግድቡ እኔም ከደሞዜ ቦንድ ገዝቻለሁ። ጥያቄዬ መቼ ይደርሰናል ነው። ትልቁ መስመር በማሳችን ላይ ያልፋል። ቀና ብለን እናየዋለን። ትራንስፎርመሩ፣ ምሰሶው፣ ቆጣሪው እስኪመጣ ልጆቹ ኩራዝ ላይ ይቆዩ?

ሶላር ነጋዴ፦ እንቅፋቱ ዶላር ነው። ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለውጭ ዕቃ ክፍያ ዋስ የሚሆንበትን ሰነድ፣ ለመክፈት ወር ቆጥረናል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ የዕቃው ዋጋ አሻቀበ። ገበሬው እህል እስኪሸጥ ገንዘብ የለውም፤ አበዳሪም አያገኝም። ሌላው ፎርጅድ ዕቃ ነው። ባትሪው በስድስት ወር የሞተበት ሰው ቀበሌውን በሙሉ «እንዳትገዙ» ይላል።

መስመር ዘርጊ፦ ፎርጅዱን ያስገባው ማን ሆነና? ነጋዴ አይደለም?

ሶላር ነጋዴ፦ እኔ የሁለት ዓመት ዋስትና ጽፌ እሰጣለሁ። በሌላው ጥፋት እኔን አትክሰሰኝ።

የአዳማ ልጅ፦ እናንተ በጣሪያ ፓኔል ትጣላላችሁ፤ ትልቁን ረሳችሁት። እኛ ጋ ሁለቱ የነፋስ ጣቢያዎች ተደምረው 204 ሜጋ ዋት ናቸው። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው፤ የግድብ ውሃ በሚቀንስበት ጊዜ። በፈረንጆቹ 2019 ደግሞ አፋር ዲቼቶና ሶማሌ ክልል ጋድ ላይ 250 ሜጋ ዋት ሶላር ሊሠራ የጨረታ አሸናፊ ተነግሮ ነበር። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 2.5 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ። እስካሁን የለም። ባለሀብቱ በብር ተከፍሎት ወደ ዶላር መቀየር ካልቻለ ለምን ይገነባል? ያው የነጋዴው ጣጣ ነው፣ መጠኑ ገዘፈ እንጂ። እዚያ ቢሠራ ሶላርም በመስመሩ ገብቶ ምጣድ ይጥዳል።

ባለ ሊጧ፦ ስለ ምጣድ ስታወሩ የሚጋግር ሰው አትጠይቁም? እኔ ከተማ ነው የምኖረው። መስመር አለኝ፣ ቆጣሪ አለኝ። ምጣዱን ስጥድ መብራት ይሄዳል። ሊጡ ኮምጥጦ ይጠብቀኛል። የእንጨት ምድጃዬን ያላፈረስኩት ለዚህ ነው።

መስመር ዘርጊ፦ እህቴ፣ ያ የትራንስፎርመር ጉዳይ ነው። ለ50 ቤት የተተከለው 200 ቤት ሲሸከም ይቃጠላል። ልንጠግን ምሰሶ ላይ ስንወጣ ስድቡን የምንቀበለው እኛ ነን።

ባለ ሊጧ፦ አልሰደብኩህም። እንጀራ ካልጋገረልኝ የአንተም መስመር ኃይል አይደለም ማለቴ ነው።

የጤና ኬላ፦ ኬላችን ውስጥ የሕፃናት ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ በሶላር ነው የሚሠራው። መስመር ዘርጊ፣ እሱም መብራት ነው?

መስመር ዘርጊ፦ ስለ ፍሪጅ አልተከራከርኩም። ምጣዱን መልሱልኝ።

የገጠር መምህር፦ አንተም ቀኑን መልስልኝ። መቼ?