ሙቀት የሚይዝ የኮምፖስት ሳጥን ለምን አይግልም?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ግድግዳው ወፍራም ፎም የሆነ፣ 200 ሊትር የሚይዝ የኮምፖስት ሳጥን ነው። ከሥር አየር ማስገቢያ፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ማስወጫ አለው። የአትክልት ልጣጭ፣ የታጨደ ሳርና ሰጋቱራ ሲገባበት ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ክምሩ አሁን 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ደርሷል። በታችኛው በር በኩል ቴርሞሜትር ሲገባ ግን 24 ዲግሪ ብቻ ነው የሚያሳየው። የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ከሥሩም ጥቁር ፈሳሽ ይወርዳል። ምን ጎድሎት ነው?

መልስ 1
አየር ነው የጎደለው። ሳጥኑ የተፈጠረውን ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ ራሱ አያመነጭም። የሚያግሉት አየር የሚፈልጉ ባክቴሪያዎች ናቸው። የገማ እንቁላል ሽታ ሲመጣ እነሱ ታፍነው፣ ያለ አየር የሚኖሩት ቦታውን ይዘዋል ማለት ነው፤ እነዚህ ደግሞ የሚሰጡት ሙቀት በጣም ትንሽ ነው።

ሰጋቱራውን ነው የምጠረጥረው። ካርቦን አለው፣ ነገር ግን ደቃቅ ስለሆነ ከእርጥብ ሳር ጋር እንደ ሊጥ ይያያዛል። ሁሉንም በመንሽ ያውጡና እያፍረከረኩ እንደገና ያዘጋጁት፦ ለ2 ባልዲ ልጣጭና ሳር፣ 1 ባልዲ የተቀዳደደ ካርቶን እና ግማሽ ባልዲ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ስብርባሪ። ካርቶኑ ውሃውን መጥጦ ይይዛል፤ ስብርባሪው አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይፈጥራል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፣ ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሳሩን በወፍራሙ አያንጥፉት፤ ይቀላቅሉት።

እርጥበቱን በእጅ ይለኩ። እፍኝ ሙሉ አንስተው አጥብቀው ሲጨምቁት በጣቶችዎ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቅ ካለ ልክ ነው። ውሃው ከወረደ ካርቶን ይጨምሩ፤ እጅዎን ሲከፍቱ ከተበተነ ደግሞ ውሃ ይርጩበት።

መልስ 2
በዚህ ሁሉ እስማማለሁ፣ ግን የቴርሞሜትሩም ቦታ ልክ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ሳጥን የሚሞቀው አዲሱ ምግብ ባለበት ከላይ ነው። ከታች ያለው በቀዝቃዛው አየር መግቢያ አጠገብ ስለሆነ ሁልጊዜ ይበርዳል። ከላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ይለካ።

ቁመቱም ያንሳል። ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ክምር የራሱን ሙቀት መያዝ ያቅተዋል፤ በአንድ ጊዜ እዚያ ለማድረስ ይሞክሩ። ለማስነሻ ትኩስ ውሃ የሞላ፣ በደንብ የተከደነ ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ መሃሉ ላይ ይቅበሩ። የፈላ ውሃ ግን ጠርሙሱን ስለሚያጨማድደው አይሁን። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ባልዲ መጨመር፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ከመጫን ይሻላል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። በአምስተኛው ቀን ከላይ 61 ዲግሪ ደረሰ! የእንቁላሉ ሽታ ጠፍቶ አሁን ዓይን የሚያቃጥል፣ ሽንት ሽንት የሚል መጣ። ዘር የያዘ አረምስ ማስገባት ይቻላል?

መልስ 1
ሽታው አሞኒያ ነው። ከካርቦኑ ይልቅ ናይትሮጅኑ በዝቶ፣ ለተክሎችዎ መድረስ የነበረበት ናይትሮጅን በአየር እየወጣ ነው። አንድ ባልዲ የተቀዳደደ ካርቶን ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ጋር ያደባልቁ፤ ሳሩን ለአንድ ሳምንት ያቁሙ። ሙቀቱ 70 እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ እዚያ ሲደርስ ጠቃሚዎቹም ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። የክዳኑን መውጫ በጥቂቱ ብቻ ክፍት ይተዉት፤ በሰፊው ከተከፈተ ሙቀቱ በእንፋሎት ይወጣል።

አረሙን ማስገባት ይቻላል፤ ከ55 ዲግሪ በላይ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን መቆየት አለበት። በጠርዙ ሳይሆን በመሃል ይቅበሩት፣ ጠርዙ ሁሌም ይቀዘቅዛል።

መልስ 2
ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ከታችኛው በር ሲያወጡ ወዲያው ለችግኝ አይጠቀሙበት። ከዝናብ ተከልሎ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይረፍ። ከዚያ በትንሽ ዕቃ ሞልተው ፌጦ ይዝሩበት፤ በሳምንት ውስጥ እኩል ካልበቀለ ወይም ቅጠሉ ከቢጫ ካልወጣ ገና አልበሰለም። የእንጨቱን ስብርባሪ በወንፊት ለይተው ወደ ሳጥኑ ይመልሱ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ያገለግላል፣ ባክቴሪያውንም ይዞ ስለሚገባ አዲሱ ክምር ቶሎ ይነሳል።