57 ጫማ የብረት ጀልባ፦ እድሳቱን ከየት ልጀምር?

ጠያቂ (ለንደን)
ሰላም ለሁላችሁም። ቤት አድርጌ ልኖርበት በ1994 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ናሮውቦት የሚባለውን ቀጭን ጀልባ ልገዛ ነው። ርዝመቱ 57 ጫማ ነው፤ ሞተሩም ይሠራል። ግን ከመስኮቶቹ ሥር ያለው እንጨት ጠቁሯል፣ ወለሉም ሲረገጥ ይሰረጉዳል። ብርዱ ሳይገባ ውስጡን በሙሉ አፍርሼ ወጥ ቤትና ሻወር መሥራት አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር? ከታች ለመቀባት ሬንጅ ይሻላል ወይስ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር ቀለም)? ባለቤቴ ደግሞ እንጀራ መጋገር አትተውም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይቻላል?

ላሜራ
ወንድሜ፣ ምንም ነገር ከማፍረስህ፣ እንዲያውም ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ይመርመር። መርማሪው የላሜራውን ውፍረት በአልትራሳውንድ መሣሪያ ነጥብ በነጥብ ይለካል። በዚያ ዘመን የተለመደው 10/6/4 ነው፤ ማለትም ከሥር 10፣ በጎን 6፣ ቤቱና ጣሪያው 4 ሚሊሜትር። አማካዩን ብቻ አይተህ አትርካ። ጀልባ የሚያሰጥመው በውኃው መስመር አካባቢ ዝገት የቦረቦረው አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ከውኃ በታች ያለው ከ4 ሚሊሜትር ከሳሳ ብዙ ኢንሹራንሶች ተደራቢ ላሜራ ካልተበየደ አይቀበሉም። ብየዳው ደግሞ ከውስጥ ያለውን ብርድ መከላከያ ፎምና እንጨት ያቃጥላል። ስለዚህ አዲሱን ግድግዳ ከሠራህ በኋላ ብየዳ ከመጣ የደከምክበትን መልሰህ ታፈርሳለህ።

ሬንጅ በየ2 እና 3 ዓመቱ ይደገማል፤ በግፊት ውኃ አጥበህ፣ ልቅ ዝገቱን ፍቀህ፣ ሲደርቅ ቢያንስ ሁለት እጅ፣ በውኃው መስመር ላይ ሦስት እጅ ትቀባለህ። ኢፖክሲ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ግን በአሮጌ ሬንጅ ላይ አይያዝም፣ ይላጣል። ብረቱ በአሸዋ ግፊት እስኪነጣ መጠረግ አለበት። ገንዘቡ ካለህ ኢፖክሲ እላለሁ። ካልሆነ በደንብ የተቀባ ሬንጅ በግዴለሽነት ከተቀባ ኢፖክሲ ይበልጣል።

አኖዱን (ላሜራው እንዳይበላ በእሱ ፈንታ እንዲበላ ከጀልባው ጋር የሚያያዘውን ብረት) ለቦይ ውኃ ማግኒዚየም አድርገው፤ ዚንክ ለባሕር ነው። በላዩ ቀለም እንዳታስነካው፣ ሥራውን ያቆማል። ከወደብ ኤሌክትሪክ ጋር የምትገናኝ ከሆነ ጋልቫኒክ አይሶሌተር አስገባ። አለዚያ በምድር ሽቦው በኩል ከጎረቤት ጀልባዎች ጋር ትያያዝና አኖድህ፣ ቀጥሎም ላሜራህ ይበላል።

አናጢው
የሚሰረጉደው ወለል ከሥሩ ውኃ እንደተኛ ይናገራል። ጀልባ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ውኃው እዚያ ይጠራቀማል፤ ከቤቱ መጨረሻ አንድ ሳንቃ አንሣና እይ። ምንጩ የመስኮት ፍሬም፣ የሚያንጠባጥብ ቱቦ ወይም የብረቱ ላብ ነው። ምንጩን ሳትዘጋ አዲስ ወለል ብታነጥፍ እሱም ይበሰብሳል።

ከዚያ በቅደም ተከተል ሂድ፦ ዝገቱን ፍቀህ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ቀባ። የወለል ተሸካሚ እንጨቶቹ ሥር ውኃ የሚያልፍበት ክፍተት ተው። ሽቦዎቹን በቱቦ ውስጥ አሳልፍ፣ ከዚያ ፎም ይረጭ (ከ25 እስከ 40 ሚሊሜትር)፣ በመጨረሻ ፕላይውድ። ለወለል 18 ሚሊሜትር ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ክብደቱን ነው። ያወጣኸውን ሁሉ፣ ምድጃውንም ለሚዛን ከሥር የተደረደረውን ጡብም፣ ከየት እንዳነሣኸው ጻፍ። ያለዚያ ጀልባው ይዘማል። ሲዘም የሻወሩ መውጫ ቀዳዳ ወደ ውኃው ይቀርባል፤ ቀዳዳው ከውኃው 25 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ከግድግዳው ጀርባ ነጭ ፖሊስታይሪን (እንደ ዕቃ ማሸጊያው ያለ ቀላል ፎም) አለ፤ እሱን ብተወውስ?

አናጢው
አትተወው። የሽቦውን ፕላስቲክ ሲነካ የሚያለሰልሰውን ንጥረ ነገር ይስብበታል፤ ሽፋኑ ደርቆ ይሰነጠቃል። በፖሊስታይሪኑና በላሜራው መካከል የሚቀረው ክፍተትም ብረቱ የሚያልብበት ቦታ ነው።

ቦይ ዳር
ስለ ወረቀቱ ባጭሩ፦ የቦት ሴፍቲ ሰርተፍኬት (የጀልባው ደህንነት ማረጋገጫ) በየ4 ዓመቱ ይታደሳል፣ ኢንሹራንስም ግድ ነው። ቋሚ ማሰሪያ ከሌለህ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የቦዮች ሕግ መሠረት አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ አትቆምም፤ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮም ቦዮቹን የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት እንዲህ ላሉ ጀልባዎች በፈቃዱ ላይ ተጨማሪ ያስከፍላል። በፈረቃ ለሚሠራና ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ጀልባውን ሳትገዛ ከባለቤትህ ጋር ተነጋገሩበት።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ግዴታ ነው። ሲበርድ በሩ ላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች በጨርቅ መድፈን ሰው ይገድላል፣ እባክህ። የጋዙን ሥራ በጀልባ ላይ ፈቃድ ላለው፣ ጋዝ ሴፍ በሚባለው የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ ውስጥ ላለ ባለሙያ ተው።

12 ቮልት
ወደ ምጣዱ ልምጣ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። የተለመደው የወደብ መስመር 16 አምፔር ነው፣ 3,680 ዋት ማለት ነው። ማንቆርቆሪያ አብሮ ከተለኮሰ ይቆርጣል። ስለዚህ በውጭ አገር የሚሸጠውን 1,400 ዋት ያዙ።

ወደብ ሳትሆኑ በባትሪ ከሆነ፣ 1,400 በ12 ሲካፈል 117 አምፔር፣ የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) ብክነት ሲጨመር 130 ያህል። ሁለት ባለ 110 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ ካለህ ሳይጎዳ የምትጠቀመው ግማሹን፣ 110 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው፤ በፍጥነት ሲሳብ ከዚያም ያንሳል። ምጣዱ እየጠፋ ስለሚበራ ትንሽ ይቆጥባል፣ ግን የአንድ ሳምንት እንጀራ አያወጣም። 300 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ይችለዋል። ሊቲየሙን በቀጥታ ከሞተሩ አልተርኔተር (ኤሌክትሪክ አመንጪ) ጋር አታገናኝ፤ የሚሰጠውን ሁሉ ስለሚስብ አልተርኔተሩ ግሎ ይቃጠላል። መሐል ላይ የሚሳበውን የሚገድብ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር ይግባ። ለ2,000 ዋት ኢንቨርተር ኬብሉ ከ50 ካሬ ሚሊሜትር አይነስ፣ ከሜትር ተኩል አይርዘም፣ ፊውዙም ባትሪው ጎን ይሁን።

ከኤሌክትሪኩ እኩል እንፋሎቱን አስብ። ክዳኑ በተነሣ ቁጥር የሚወጣው ሁሉ ቀዝቃዛ መስኮት ላይ ውኃ ይሆናል። ምጣዱን ከሚከፈት መስኮት ወይም ከጣሪያ አየር ማስወጫ ሥር አስቀምጡ፤ ከምድጃው በተቃራኒ ጫፍ ያለ አንድ መስኮትም ጋግራችሁ እስክትጨርሱ ገርበብ ይበል።