ሞዴል ፈተናውን ከጨረስኩ በኋላ መልሶቼ ጠፉብኝ

የመጨረሻ ዓመቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አካውንቲንግ ተመራቂ ነኝ። ዲፓርትመንታችን ለኤግዚት ኤግዛም መለማመጃ ብሎ ሙድል ላይ (ኮርስና ፈተና የሚጫንበት የኦንላይን መማሪያ ሲስተም) ሞዴል ፈተና ጭኖልናል። ሠርቼ ሳብሚት ሳደርግ የቱ ልክ የቱ ስህተት እንደሆነ ከነመልሱ ዘርዝሮ አሳየኝ። እራት በልቼ ተረጋግቼ አየዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ 43 ከ100 የሚል ቁጥር ብቻ ተገትሮ ጠበቀኝ! «ሪቪው» የሚለው ሊንክ ራሱ የለም። ማለፊያው 50 ነው፣ የቱ ጋ እንደሳትኩ ሳላውቅ ምኑን ነው የማጠናው? የኮስት አሳይመንቴም ካስገባሁት ሦስት ሳምንት አለፈው፣ ውጤትም አስተያየትም የለውም።

ላብ ጠባቂው፦
እህቴ ምንም አላጠፋሽም። ሙድል ላይ መምህሩ ኩዊዝ ሲያዘጋጅ ተማሪው ምኑን መቼ እንደሚያይ የሚመርጥበት ቦታ አለ። እየሠራሽ ሳለ፣ ልክ እንደጨረስሽ፣ ከዚያ በኋላ ፈተናው ገና ክፍት ሳለ፣ ከተዘጋ በኋላ። ጉዱ ያለው «ልክ እንደጨረስሽ» ላይ ነው፣ 2 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። እራት ቀርቶ ውሃ ጠጥተሽም አትደርሺበት። መምህሩ እሱን ቲክ አድርጎ ቀጣዩን ትቶታል ማለት ነው፣ ምናልባትም ሆን ብሎ፣ መልሱ ቴሌግራም ላይ እንዳይዞር። ከተዘጋ በኋላ ሊከፈትልሽ ይችላል እንዳልልሽ፣ መዝጊያ ቀን ካልተቀመጠለት ያ ጊዜ ጭራሽ አይመጣም፤ ይህን ብዙ መምህር አያስተውለውም። ሄደሽ ንገሪው። መልሱ እንዳይወጣ ከፈራ፣ ትክክለኛውን መልስ ደብቆ ልክና ስህተቱን ብቻ ማሳየት ይችላል፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። የሠራሽው አልጠፋም፣ ሲስተሙ ውስጥ አለ።

ዶርም 14፦
አሳይመንቱን በተመለከተ፣ አንዳንዴ መምህሩ አርሞ ጨርሶም «ሪሊዝ» እስኪያደርገው ለተማሪ አይታይም። ሲለቀቅ ደግሞ ቁጥሩን አይተሽ እንዳትወጪ። ወደ ታች ውረጂ። ፒዲኤፍ ካስገባሽ መምህሩ ላዩ ላይ የጻፈበት ኮፒ ሊኖር ይችላል። እኔ እዚያ ቦታ ላይ አስተያየት እንዳለ ያወቅኩት ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ነው፣ ያውም ተመሳሳይ ስህተት ሦስት ጊዜ ደግሜ።

የ2015 ተፈታኝ፦
እኔ የመጀመሪያው ዙር ላይ ነው የተፈተንኩት፣ እና እውነቱን ልንገርሽ፣ መልሱ መጥፋቱ ብዙም አያሳዝነኝም፤ እኛ ክፍል መልሱን ስክሪንሾት አንስቶ «ሐ ነው፣ ለ ነው» እያለ ሲሸመድድ የከረመ ልጅ ነበረ፣ ሲደግመው ሲስተሙ ምርጫዎቹን አቀያይሮ አመጣለትና ሐው መ ሆኖ ቁጭ አለ። ይልቅ ስትሠሪ ወረቀት ከጎንሽ አድርጊ። የማታውቂው ላይ ኤክስ፣ ገምተሽ የሞላሽው ላይ የጥያቄ ምልክት። ሲያልቅ መጀመሪያ የጥያቄ ምልክቶቹን እዪ፣ ልክ የመጡትንም ጭምር፤ ቁጥሩን አሳምረው የሚያታልሉሽ እነሱ ናቸው። ሪቪው ቢከፈትም ባይከፈትም ወረቀቱ ያንቺ ነው።

የመጨረሻ ዓመቷ፦
አፕዴት፦ መምህሩ ጋ ሄድኩ። ሳያውቀው ነው የዘጋው፣ እዚያው ቆሜ ለክፍሉ በሙሉ ከፈተልን። ብዙ የሳትኩት ኦዲቲንግ ላይ ነው፣ ጥሩ እችለዋለሁ የምለው ኮርስ! አሳይመንቱን ግን ገና አላረመውም። ከ43ቱ ስንቱን ገምቼ እንዳገኘሁት ደግሞ እዚህ አልናገርም።